የናፍጣ ባቡር ናፍቆት

በአማርኛ «ባቡር» የሚለው ቃል ምንጩ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ እንፋሎትን የሚሰይመው ቃል ሲሆን፣ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ማጓጓዣ ብቻ ሳይሆን በብዙ የገጠር አካባቢ የእህል ወፍጮንም ሲጠራበት ኖሯል። ዛሬ ግን በዚህ ስም ከሚጠሩት ማሽኖች መካከል በእንፋሎት የሚሠራ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል፤ የሐዲዱም የወፍጮውም ባቡር ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ወደ ናፍጣ ተሻግሯል፣ ስሙ ብቻ የእንፋሎቱን ዘመን ይዞ ቀርቷል። በሐዲዱ ላይ ይህን ሽግግር ያመጣው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም መንገደኛና ጭነት የያዙትን ፉርጎዎች ከፊት ሆኖ የሚጎትተው ባለ ሞተር ተሽከርካሪ፣ በተራው ያረጀና ከሥራ የሚሰናበት ማሽን ከሆነ ሰንብቷል። ሆኖም በሰሜን አሜሪካና በብሪታንያ በተለይም ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተሠሩትን እነዚህን ሎኮሞቲቮች፣ ከእነርሱም ጋር ቀንና ሌሊት ይጓዙ የነበሩትን የረጅም ርቀት የመንገደኛ ባቡሮች ከልባቸው የሚወዱ፣ ፎቶ የሚያነሡ፣ የሞተር ድምፅ የሚቀዱ፣ ቁጥራቸውን በቃል የሚይዙና በገዛ ገንዘባቸውና ጉልበታቸው የሚጠግኑ በርካታ ሰዎች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባቡር ወዳጅነት ራሱ ከናፍጣው የቆየ ነው። በአሜሪካ የባቡርና የሎኮሞቲቭ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው በ1921 ሲሆን፣ ብሔራዊ የባቡር ታሪክ ማኅበር በ1935 ተከተለ፤ «ትሬይንስ» የተባለው መጽሔትም በ1940 በሚልዋኪ ከተማ መታተም ጀመረ። በዚያ ጊዜ የባቡር ወዳጅ ማለት የእንፋሎት ወዳጅ ማለት ነበር፤ ምክንያቱም የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሥራውን ሁሉ በአደባባይ የሚሠራ፣ እሳቱ የሚታይ፣ ትንፋሹ የሚሰማ፣ መንኮራኩሩን የሚገፋው የብረት ክንድ ከውጭ ሲመላለስ ሕፃን እንኳ ቆሞ የሚመለከተው ማሽን ነው። ናፍጣው የመጣው ይህን ሊያጠፋ ነበር። ሞተሩ በቆርቆሮ ተሸፍኖ የማይታይ፣ ከፋብሪካ አንድ ዓይነት ሆኖ በመቶዎች የሚወጣ በመሆኑ፣ የእንፋሎቱ ወዳጆች ነፍስ የሌለው ሣጥን አድርገው ቆጠሩት፤ አንዳንዶቹም የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡር ባለፈ ዕለት ካሜራቸውን ሰቀሉ። ያው ማሽን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሚናፈቅ ለመሆን መብቃቱ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰው የሚወደው ወይ ቴክኒኩን ወይ ውበቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ለውጥ ባልመጣ ነበር፤ የሚወደው ግን ጠባይ ያለውን፣ በድምፁ ብቻ የሚታወቀውን ማሽን ነው፤ ይህም ጠባይ ብዙውን ጊዜ የሚስተዋለው ሊጠፋ ሲቃረብ ነው።

በአሜሪካ የናፍጣውን ዘመን የከፈተው ባቡር «ዜፈር» ይባላል፤ ትርጉሙም በጥንታዊ ግሪኮች አነጋገር የምዕራብ ነፋስ ማለት ነው። የቺካጎ፣ በርሊንግተንና ኩዊንሲ የባቡር ድርጅት ፕሬዚዳንት የነበረው ራልፍ በድ፣ በ1933 በቺካጎ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ለጄኔራል ሞተርስ ትርኢት ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩትን አዳዲስ የዊንተን ናፍጣ ሞተሮች ተመልክቶ፣ እንዲህ ያለው ሞተር ባቡር ሊያንቀሳቅስ ይችላል ብሎ አመነ። የፊላደልፊያው የኤድዋርድ በድ ፋብሪካም (ሁለቱ ሰዎች በስም ቢመሳሰሉም የቅርብ ዘመዳሞች አልነበሩም) ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ 600 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሦስት ፉርጎ ባቡር ሠራለት። በኢኮኖሚው ቀውስ መካከል፣ ሜይ 26 ቀን 1934፣ ይህ ብርማ ባቡር ጎሕ ሲቀድ ከዴንቨር ተነሥቶ 1,633 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በመካከል ሳይቆም በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨርሶ ማምሻውን ቺካጎ ገባ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በእንፋሎት የሚጎተት ባቡር ያንኑ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይፈጅበት ስለነበር፣ በየመንደሩ ሐዲድ ዳር ተሰልፎ ለቅጽበት ሲያልፍ ያየው ሕዝብ ከፊቱ የቆመውን ዘመን በዓይኑ አየ ማለት ይቻላል። ባቡሩ ዛሬ በዚያችው በቺካጎ፣ በሳይንስና ኢንዱስትሪ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።

የዜፈር ሩጫ ሕዝቡን ቢማርክም የባቡር ድርጅቶችን ያሳመነው ግን ሌላ ማሽን ነው። በኖቬምበር 1939 የጄኔራል ሞተርስ ንብረት የሆነው የኤሌክትሮ-ሞቲቭ ድርጅት፣ «ኤፍ ቲ» ተብሎ የሚጠራውን፣ አራት አካላት ተቀጣጥለው በድምሩ 5,400 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡትን ባለ ቁጥር 103 ሎኮሞቲቭ በቺካጎ አጠገብ ከሚገኘው የላ ግሬንጅ ፋብሪካው አውጥቶ ለሙከራ ላከ። ሎኮሞቲቩ በ11 ወራት በ20 የባቡር ድርጅቶች ሐዲድ ላይ ወደ 135,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጓዘ፤ በበረሃም በተራራም፣ በበጋም በክረምትም ከባድ ጭነት ጎተተ። ውኃ ለመቅዳት በየጣቢያው አይቆምም፣ አመድ አይጠረግለትም፣ ጠዋት ለማሞቅ ሰዓታት አይጠብቅም፤ ከዚህም በላይ አራቱም አካላት ከፊተኛው ክፍል በአንድ ሾፌር ይነዳሉ፣ በእንፋሎቱ ዘመን ግን ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ሾፌርና እሳት አንዳጅ ያስፈልግ ነበር። የሒሳቡ ልዩነት እጅግ ሰፊ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የእንፋሎቱን ፍጻሜ ያዘገየው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ነው፤ በ1960 አካባቢም በአሜሪካ ዋና ዋና መስመሮች የእንፋሎት አገልግሎት አበቃ።

የእነዚህን ማሽኖች ወዳጆች ለመረዳት የማሽኑን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የናፍጣው ሞተር መንኮራኩሩን በቀጥታ አያዞረውምና። ትልቅ የናፍጣ ሞተር በቆመበት ሆኖ ከባድ ሸክም ማስነሣት አይችልም፤ እንደ መኪና በማርሽ ቢያያዝም ሺህ ቶን በሚመዝን ባቡር ፊት ማርሹ ይሰባበራል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ደግሞ በየመንኮራኩሩ አክሰል ላይ ወደተገጠሙት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የሚባለው በእርግጥ የራሱን ኃይል ማመንጫ በጀርባው ተሸክሞ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሾፌሩ ኃይሉን የሚጨምረው ስምንት እርከን ባለው መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ እጀታው አንድ እርከን በተገፋ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ የለመደ ጆሮ ባቡሩን ሳያይ ሾፌሩ በስንተኛው እርከን ላይ እንዳለ ይናገራል። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፦ በአክሰሉ ላይ ያሉት ሞተሮች ራሳቸው ጄኔሬተር ሆነው የባቡሩን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል፣ ኤሌክትሪኩም በጣሪያው ሥር በተደረደሩ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ሽቦዎች ውስጥ ሙቀት ሆኖ በማራገቢያ ይበተናል። ይህ ብሬክ ባይፈለሰፍ ኖሮ የሮኪ ተራራዎች ቁልቁለት የብረት ብሬኮችን በየጉዞው ሲበላ በኖረ ነበር።

ከማሽኑ ጠባይ ሁሉ ወዳጆቹን የሚያከራክራቸው ድምፅ ነው። የገጠር ወፍጮ ቤት በሚገኝበት አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ የአንዱን ሞተር ምት ከሌላው ለይቶ የማወቅን ነገር ይረዳዋል። የኤሌክትሮ-ሞቲቭ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ሞተር «567» ይባላል፤ ቁጥሩ የአንዱ ሲሊንደር ይዘት በኩቢክ ኢንች ሲለካ የሚገኘው ሲሆን፣ ወደ 9.3 ሊትር ይጠጋል። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ፒስተን ሞተሩ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል፣ በመሆኑም ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያልተቆራረጠ ማጉረምረም ነው። ተፎካካሪው የአሜሪካን ሎኮሞቲቭ ኩባንያ፣ በአጭሩ «አልኮ»፣ የሠራቸው ደግሞ ባለ አራት ምት ሞተሮች በመሆናቸው ድምፃቸው እየተመታ፣ እየዘለለ የሚሄድ፣ እንደ ከበሮ የሚቆጠር ነበር። የአልኮ ሞተር አየር የሚጨመርለት ከራሱ በሚወጣው ጭስ ግፊት በሚሽከረከር ተርቦ ስለነበረ፣ ሾፌሩ ኃይል ሲጨምር ናፍጣው አየሩን ቀድሞ ይደርስና ለጥቂት ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ይወጣል። መካኒኮችን ያማረረው ይህ ጉድለት ለባቡር ወዳጆች ተቃራኒውን ሠራ፤ አልኮን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የክብር ዘመድ አድርገው ተቀበሉት።

ከአልኮ ሥራዎች መካከል የሚወደደው ከ1946 እስከ 1953 ለመንገደኛ ባቡር ብቻ የተሠራው «ፒ ኤ» የተባለው ሞዴል ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ አፍንጫው ከኤሌክትሮ-ሞቲቭ ሎኮሞቲቮች ክብ ፊት ፈጽሞ የሚለይ ሲሆን፣ ብዙ የባቡር ወዳጆች እስከ ዛሬ ከተሠሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ውቡ እርሱ ነው ይላሉ፤ ፎቶግራፉን የተመለከተ ሰውም ፍርዳቸውን ለመቃወም ይቸገራል። ሞተሩ ግን ውበቱን የሚያህል ጥንካሬ አልነበረውም። አብዛኞቹ በ1960ዎቹ ተቆራርጠው ወደ ብረት ማቅለጫ ሲሄዱ፣ በምዕራብ ከሳንታ ፌ ባቡር ድርጅት የቀሩትን አራቱን በ1967 የምሥራቁ የዴላዌርና ሃድሰን ባቡር ድርጅት ገዛቸውና ለዐሥር ዓመት ያህል ሲሠሩ ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ተሻገሩ። ከእነዚህ ሁለቱ በ2000 ወደ አሜሪካ ሲመለሱ በአደጋና በዝገት የተጎዱ አጽሞች ነበሩ። አንደኛው በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት እንደገና ተገንብቷል፤ የጎደለው ክፍል በገበያ ስለማይገኝ ከሌላ ማሽን ሊወሰድ የሚችለው ተወስዶ፣ የማይገኘው በእጅ ተቀጥቅጦ ተሠራ።

የኤሌክትሮ-ሞቲቭ ሎኮሞቲቮች ደግሞ በብዛታቸው ልብ ውስጥ የገቡ ናቸው። በ1949 መሠራት የጀመረው ባለ 1,500 የፈረስ ጉልበት «ኤፍ 7» ብቻ ከ3,800 በላይ ተመርቷል። ፊቱ ክብና ጉንጫም በመሆኑ የቡልዶግ ውሻ አፍንጫ የሚል ስም ወጥቶለታል። በኋላ የመጡት ሎኮሞቲቮች ቀለል ያለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲይዙ፣ ይህ ፊት የናፍጣው ወርቃማ ዘመን መልክ ሆኖ ቀረ። የሳንታ ፌ ድርጅት ቀይ ቀለም ከአፍንጫው ወደ ጎን እየሳሳ በብርማው አካል ላይ የሚፈስበት፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የላባ ዘውድ የተወሰደው አቀባብ በ1937 በጄኔራል ሞተርስ ሠዓሊዎች የተነደፈ ሲሆን፣ ባቡር አይተው በማያውቁ አሜሪካውያን ልጆች ዘንድ ሳይቀር በአሻንጉሊት ባቡር በኩል የታወቀ ነው።

ይሁንና ሎኮሞቲቩ ብቻውን ይህን ሁሉ ናፍቆት ሊሸከም አይችልም ነበር፤ ከኋላው ይጎተት የነበረው ባቡር ስም፣ ሥርዓትና የራሱ ዓለም ነበረው። ከእነዚህ መካከል አንዱን በጥቂቱ ጠለቅ ብሎ ማየት ይበቃል። «ካሊፎርኒያ ዜፈር» በማርች 1949 ሥራ የጀመረ፣ ከቺካጎ ተነሥቶ በሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር እስካለችው ኦክላንድ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሁለት ሌሊትና በሦስት ቀን ክፋይ የሚጓዝ ባቡር ነበር። ከፈጣን አውሮፕላን ጋር መወዳደር እንደማይችል የተረዱት ሦስቱ ባለቤት ድርጅቶች ፍጥነትን ትተው እይታን መረጡ፦ የጉዞው ሰዓት የተቀመረው ባቡሩ የኮሎራዶን ተራሮችና የካሊፎርኒያን የፌዘር ወንዝ ሸለቆ በብርሃን፣ የኔቫዳን በረሃ ደግሞ በሌሊት እንዲያልፍ ነው። በባቡሩ ውስጥ አምስት ፉርጎዎች ጣሪያቸው ላይ የመስታወት ጉልላት ነበራቸው፤ መንገደኛው በደረጃ ወጥቶ በአራቱም አቅጣጫ ገደሉንና ሰማዩን እያየ ይቀመጥበታል።

የጉልላቱ ሐሳብ የመጣው ከሎኮሞቲቭ ውስጥ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሳይረስ ኦዝበርን በ1944 በኮሎራዶ የግሌንውድ ሸለቆን ከሾፌሩ ጋር ፊት ተቀምጦ ሲያልፍ፣ ይህን እይታ መንገደኞች ቢያዩት ኖሮ ለቦታው የተለየ ገንዘብ በከፈሉ ነበር ብሎ አሰበ። የበርሊንግተን ድርጅት በቀጣዩ ዓመት በገዛ ጋራዡ አንድ ፉርጎ ቆርጦ የመጀመሪያውን ጉልላት ገጠመለት። ሾፌር ብቻ ያየው የነበረ ነገር ለተራ መንገደኛ መከፈቱ፣ የረጅም ርቀት ባቡርን ምንነት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይገልጸዋል፤ መንገዱ መድረሻውን ለመጠበቅ የሚታለፍ ክፍተት መሆኑ ቀርቶ ራሱ የጉዞው ዓላማ ሆነ። ምግብ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ይቀርብ ነበር፣ የመኝታ ፉርጎው አልጋ በቀን ወንበር በሌሊት መኝታ ይሆናል፣ «ዜፈሬት» የሚባሉ አስተናጋጅ ሴቶች ሕፃናትንና አረጋውያንን ይንከባከቡ ነበር። በክረምት ደግሞ ፉርጎዎቹ የሚሞቁት በእንፋሎት ስለነበረ፣ የናፍጣው ሎኮሞቲቭ በውስጡ ትንሽ የውኃ ማፍያ ይዞ ይጓዛል፤ ስለዚህም የዚያ ዘመን የክረምት ፎቶግራፎች ላይ ባቡሩ በነጭ ተን ተሸፍኖ ይታያል።

ውድቀቱ ፈጥኖ መጣ። በ1956 የአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ሕግ ወጣ፣ በ1958 የቦይንግ 707 ጄት መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ፤ በ1967 ደግሞ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በባቡር ውስጥ የሚለይበትን አገልግሎት በአብዛኛው ሲያቋርጥ፣ ብዙ የመንገደኛ ባቡሮችን በሕይወት ያቆያቸው ገቢ ጠፋ። ከ1902 ጀምሮ ኒውዮርክንና ቺካጎን ያገናኘው፣ መንገደኞቹን በቀይ ምንጣፍ ይቀበል የነበረው «ትወንቲየዝ ሴንቸሪ ሊሚትድ» በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አከተመ። ካሊፎርኒያ ዜፈርም በማርች 1970 ቆመ። ሜይ 1 ቀን 1971 አምትራክ የተባለው ብሔራዊ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ሥራ ሲጀምር፣ ከቀሩት ባቡሮች ግማሽ ያህሉ በአንድ ሌሊት ተሰርዘዋል። ድርጅቱ ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የወረሳቸውን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ቀለማቸውን ሳይቀይር ቀላቅሎ ስለተጠቀመ፣ የባቡር ወዳጆች እነዚያን ጥቂት ዓመታት የቀስተ ደመናው ዘመን ይሏቸዋል፤ በአንድ ባቡር ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ብርማና አረንጓዴ ተቀጣጥሎ ይታይ ነበርና።

ወደ አምትራክ ያልገቡ ጥቂት ድርጅቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሪዮ ግራንዴው በወዳጆች ልብ ልዩ ስፍራ አለው። ከካሊፎርኒያ ዜፈር የተረፉትን ጉልላታም ፉርጎዎች ይዞ፣ ከፊት የ1950ዎቹን «ኤፍ 9» ሎኮሞቲቮች አሰልፎ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከዴንቨር ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ «ሪዮ ግራንዴ ዜፈር»ን እስከ አፕሪል 1983 ማንቀሳቀሱን ቀጠለ። ባቡሩ ከዴንቨር እንደወጣ በተራራው ገጽ ላይ እየተጠማዘዘ ወጥቶ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው፣ በ1928 በተከፈተው የሞፋት ዋሻ አህጉሩን ለሁለት የሚከፍለውን ሸንተረር ያልፍ ነበር። በአገሪቱ ሌላ ቦታ ሁሉ ያበቃ ነገር እዚህ በሕይወት መኖሩን የሰሙ ሰዎች ከሩቅ እየመጡ ተሳፈሩበት፤ ያ የመጨረሻ ዓመቱም ከየትኛውም የአሜሪካ ናፍጣ ባቡር ይልቅ በፎቶግራፍ የተመዘገበ ሳይሆን አይቀርም። ከፊት ይጎትት የነበረው ባለ ቁጥር 5771 ሎኮሞቲቭ ዛሬ በጎልደን ከተማ በኮሎራዶ የባቡር ቤተ መዘክር ቆሟል።

በብሪታንያ ይኸው ስሜት ሌላ መልክ ያዘ። የብሪታንያ ባቡር ድርጅት በ1968 የእንፋሎትን መደበኛ አገልግሎት ሲያቆም፣ አዲሱ ትውልድ ያገኘው ናፍጣ ብቻ ስለነበር ከእርሱ ጋር አደገ። ከሁሉ በላይ የተወደደው «ዴልቲክ» ነው። ለባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ከተሠራ ሞተር የተወለደው ይህ ሎኮሞቲቭ ስሙን ያገኘው ዴልታ ከሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን የግሪክ ፊደል ነው፤ ሲሊንደሮቹ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይደረደራሉ፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥም ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገፋፋሉ። በአንድ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ባለ 18 ሲሊንደር ሞተሮች ተገጥመው 3,300 የፈረስ ጉልበት ይሰጡ ነበር። በ1961 እና በ1962 ወደ ሥራ የገቡት 22ቱ ዴልቲኮች ለንደንን ከኤደንብራ በሚያገናኘው መስመር ላይ 55 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ተኩ፤ አንዳንዶቹ በዝነኛ የሩጫ ፈረሶች፣ ሌሎቹ በጦር ክፍሎች ስም ተጠርተዋል። ወዳጆቻቸው ከሐዲድ ዳር ቆሞ ከማየት ይልቅ ከሎኮሞቲቩ ኋላ ባለው የመጀመሪያ ፉርጎ ተሳፍረው፣ መስኮት ከፍተው፣ ሞተሩን እየሰሙ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ስንት ማይል እንደጎተታቸው በማስታወሻ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ጃንዋሪ 2 ቀን 1982 የመጨረሻው ባቡር ለንደን ኪንግስ ክሮስ ሲገባ ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ከ22ቱ ስድስቱ ተርፈዋል፤ ከእነዚህም ሦስቱ በ1977 የተቋቋመው የዴልቲክ ጥበቃ ማኅበር ንብረት ናቸው።

በካናዳ ደግሞ የዚያ ዘመን ባቡር አልሞተም። በአፕሪል 1955 የተጀመረው «ዘ ካናዲያን» የዚያን ጊዜውን 173 የማይዝግ ብረት ፉርጎዎች ከበድ ፋብሪካ አሠርቶ የተነሣ ሲሆን፣ ከእነዚህ ፉርጎዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ታድሰው፣ ማሞቂያቸው ከእንፋሎት ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ እስከ ዛሬ ቶሮንቶንና ቫንኩቨርን ያገናኛሉ። መንገዱ 4,466 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት ሌሊት ይፈጃል። በባቡሩ ጭራ ያለው፣ ጀርባው የተጠጋጋና ጉልላት ያለው ፉርጎ በአንድ የካናዳ ፓርክ ስም ይጠራል፤ የባቡሩ ድርጅትም ለእነዚህ ፉርጎዎች የአገሪቱን ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕል አሠርቶላቸው ነበር። የሚጎትቱት ሎኮሞቲቮች ግን በ1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው፣ እነርሱም በበኩላቸው ወዳጅ ማፍራት ጀምረዋል።

የካናዳ ነገር ከተነሣ የባቡር ጥሩንባ ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች አንድ ወጥ ድምፅ ያለው ጥሩንባ ስለነበራቸው፣ መሻገሪያ ላይ የደረሰ ሰው የጭነት መኪና እየመሰለው ወደ ሐዲዱ ይገባና አደጋ ይደርስ ነበር። የብሪቲሽ ኮሎምቢያው መሐንዲስ ሮበርት ስዋንሰን የእንፋሎት ፉጨትን ውህደት አጥንቶ፣ አምስት የተለያዩ ድምፆች በአንድነት የሚያሰማ የአየር ጥሩንባ ሠራ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ በሌሊት ከሩቅ የሚሰማው የባቡር ድምፅ በአብዛኛው የዚህ ሥራ ዘር ነው፤ ናፍጣው የገደለውን እንፋሎት በጥሩንባው ይዞት ይዞራል ማለት ነው።

በአፍሪካ ቀንድ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋን የወለደው፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ተሸጋግሯል። ሐዲዱ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት የነበረው ጠባብ ሐዲድ ነው። «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ፈረንሳዮች ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው፤ በድሬዳዋም ባቡሩ «ሸመንደፈር» ተብሎ ሲጠራ፣ የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኞችም ፈረንሳይኛን ከሥራው ጋር ይማሩት ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የነበረው ቡፌ ለመንገደኞች ምግብና ዕረፍት የሚሰጥ፣ ጉዞው እንደ ካሊፎርኒያ ዜፈር ጉልላት ባይኖረውም የራሱ ማዕድና የራሱ ሥርዓት እንደነበረው የሚመሰክር ቤት ነው። በ2016 ሰፋ ባለ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ሲመረቅ፣ አሮጌዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ከላይ የተነገሩት ታሪኮች የሚያሳዩት ለእነዚህ ማሽኖች የሚያስፈልገው ሐውልት ሳይሆን የዕለት ዕለት እንክብካቤ መሆኑን ነው፤ የሠሩባቸው ሰዎች ዕውቀት ከማሽኑ ፈጥኖ ያልፋልና። ይህን ኤርትራ በተግባር አሳይታለች፦ ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር የተራራ መስመር በ1970ዎቹ ከተቋረጠ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ጡረታ ከወጡበት የተጠሩ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ሐዲዱን መልሰው ዘረጉት፤ የጣሊያን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን፣ የ1930ዎቹን የፊያት «ሊቶሪና» በናፍጣ ሞተር በራሱ የሚሄድ የመንገደኛ ፉርጎና የጀርመኑን የክሩፕ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ አስነሡ፤ ከአውሮፓና ከሌሎች የዓለም ክፍሎች የመጡ የባቡር ወዳጆችም ባቡሩን ተከራይተው ሊጓዙበት ደረሱ።

በአሜሪካ ይህን ዕውቀት የያዙት በዋናነት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በኢሊኖይ ግዛት በዩንየን ከተማ የሚገኘው የኢሊኖይ የባቡር ቤተ መዘክር የ1936ቱን «ኔብራስካ ዜፈር» በራሱ ሐዲድ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ፉርጎዎቹ በጥንት አማልክት እንስቶች ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ ከፊት የሚጎትታቸው «ሲልቨር ፓይለት» የተባለው የ1940 ሎኮሞቲቭ ከዓይነቱ በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛው ነው። የእንዲህ ያለ ማሽን ጥገና ከባድ ነው፦ የቆየ የሲሊንደር ማሸጊያ ውኃ ወደ ዘይት ያሳልፋል፤ የጄኔሬተሩ የመዳብ ሽቦ ልባስ ከዕድሜ የተነሣ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሳይገባ ውኃው ሁሉ ካልወጣ በረዶ ሆኖ ብረቱን ያፈነዳዋል፤ ሞተሩን ያለ ሥራ ለረጅም ጊዜ ማቆም ደግሞ ከማሠራት የበለጠ ይጎዳዋል። መካኒኩ ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ሌላ ሥራ ላይ የሚውል፣ ቅዳሜ ግን በቅባት የተነከረ ልብስ የሚለብስ ሰው ነው፤ ከእርሱ አጠገብ የሚሠራው ወጣትም ሎኮሞቲቩ ከመደበኛ አገልግሎት ሲወጣ ገና አልተወለደም ነበር። በ2014 በሰሜን ካሮላይና በስፔንሰር ከተማ የባቡር ቤተ መዘክር በተደረገው ስብሰባ ከየአገሩ ጥግ የመጡ የዚያ ዘመን ሎኮሞቲቮች በአንድ የሚሽከረከር መድረክ ዙሪያ ተሰልፈው ሲታዩ፣ ከእነርሱ አብዛኞቹ በእንዲህ ያሉ እጆች የተጠበቁ ነበሩ።

ሁሉም ግን ለዕይታ አልበቁም። ባልድዊን የተባለው የፊላደልፊያ ፋብሪካ የሻርክ አፍንጫ እየተባለ የሚጠራ፣ ሾጣጣና ወደ ፊት ያዘነበለ ፊት ያላቸው ሎኮሞቲቮችን ሠርቶ ነበር። ከእነርሱ በዓለም ላይ የቀሩት ባለ ቁጥር 1205 እና 1216 የሆኑት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ በሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል በአንድ የግል ጋራዥ ውስጥ ተዘግተው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ተሰውረው ኖረዋል። ምን ያህል እንደዛጉ፣ ሞተራቸው ይዞር እንደሆነ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ወደዚያ አካባቢ የሚደርሱ የባቡር ወዳጆች የጋራዡን የተዘጋ በር ፎቶ አንሥተው ይመለሳሉ።